ስኮፐስ የማያያት ጌዴኦ

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የተቀመጠው 45ኛው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር መዘገበ። አዳራሹ ውስጥ እንሰት አልነበረም፤ ቡናም፣ ትክል ድንጋይም፣ የሽማግሌዎች ሸንጎ የሆነው ሶንጎም አልነበረም። የነበረው ሰነድ ነው። እንዲህ ያለ ሰነድ የቦታውን ወሰን በካርታ ማሳየት፣ ታሪኩን መተረክ፣ በሌላ አገር ካሉ መሰሎቹ ጋር ማነጻጸር፣ ነገ ማን እንደሚጠብቀውና በምን ደንብ እንደሚተዳደር መዘርዘር አለበት። ሲቀርብ የኮሚቴው አማካሪ የሆነው የኢኮሞስ ባለሙያዎች ያገላብጡታል። ሰው ቦታው ድረስ ተልኮ የተጻፈውን ከመሬቱ ጋር ያመሳክራል፣ ጎደለ የተባለው በደብዳቤ ይጠየቃል፣ በመጨረሻም የ21 አገሮች ተወካዮች ይመክሩበታል።

ካነበብኳቸው የጆርናል ጽሑፎች ውስጥ ይህን ያህል ወንፊት ያለፈ አላውቅም። አርቲክልን ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ገምጋሚዎች፣ የተጻፈበትን ቦታ ሳያዩ፣ ከቤታቸው ሆነው አንብበው ያሳልፉታል። ሆኖም ለቅርስ ሰነድ ዓመታት የሰጠ መምህርና ምንም ያልሰጠ መምህር የማዕረግ እድገት ማመልከቻ ይዘው ቢቀርቡ፣ ሁለቱም የታተመ አርቲክል ከሌላቸው፣ ሁለቱም ከአንድ በር ላይ ይመለሳሉ። የእኔ ክርክር ከዚህ በር ጋር ነው።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሰፈነው እምነት ግልጽ ነው። ምርምር ማለት እውቅና ባለው፣ ቢቻል በስኮፐስ ወይም በዌብ ኦፍ ሳይንስ በተመዘገበ ጆርናል የወጣ አርቲክል ነው። ተመራማሪ ማለት ደግሞ ስሙ በአርቲክሉ ራስጌ የሰፈረ ሰው ነው። ሌላው ሥራና ሌላው ሰው ድጋፍ ይባላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 ለዩኒቨርሲቲ ማስተማርን፣ ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን በአንድነት ሰጥቶታል። በተግባር ግን ከረዳት ፕሮፌሰርነት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት፣ ከዚያም ወደ ፕሮፌሰርነት የሚያሻግረው የአርቲክል ቁጥር ነው። የማኅበረሰብ አገልግሎት ነጥብ ቢያስገኝም በሩን ለብቻው አይከፍትም።

ይህ እምነት በየትም ቦታ ጉድለት ይኖረዋል። ጌዴኦ ላይ ግን ጉድለቱ ጎልቶ ይታያል፤ ምክንያቱም የዚህ ምድር ዋና እውቀት በአርቲክል መልክ የተቀመጠ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ዞኑ 847,434 ሰው ነበረው፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው ማለት ነው። ይህን ያህል ሰው በዚያ ቀጥ ባለ ተዳፋት ላይ አፈሩን ጎርፍ ሳይወስድበት እንዴት ኖረ? ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው፣ ከዚያም ሥራ ሥሩና ቅጠላ ቅጠሉ። ይህን ያቀናጀው ገበሬ ነው፤ ቡናውንም ኩሩሜ፣ ደጋ፣ ወሊሾ ብሎ በስም ለይቶ የያዘው እርሱው ነው። ዛሬ በዓለም ገበያ ይርጋጨፌ ተብሎ የሚሸጠው ቡና ጣዕሙ ከነዚህ ዝርያዎችና ከዚያ ጥላ የሚመጣ ነው።

ጥያቄውን በስፋት ከመረመሩት መካከል ታደሰ ኪጴ ይገኙበታል። በ2002 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ በሚገኘው የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነው፤ የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት ይሆን? ይላል። ስለ ጌዴኦ መሬት አያያዝ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ያንን መጽሐፍ አልፎ መሄድ አይችልም። በአቆጣጠራችን ግን የመመረቂያ ጽሑፍ ዲግሪ ያሰጣል እንጂ ለእድገት አይቆጠርም። ከውስጡ አንድ ምዕራፍ ተቆርጦ፣ አጥሮ፣ ጆርናል ላይ ሲወጣ ግን ይቆጠራል። ቁራጩ ዋጋ አለው፣ ሙሉው የለውም። ወጣት ተመራማሪዎቻችን አንዱን ሥራ አራት ቦታ ቆራርጠው የሚያሳትሙት ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ቆራርጡ ያልናቸው እኛ ነን።

ከሥራዎቹ ሌላ ድጋፍ የተባሉት ሰዎች ደግሞ አሉ። ይህን ክፍል ስጽፍ ልቤ ይሞቃል፤ አንባቢ ይታገሰኝ።

ከጌዴኦ የሚወጣ አንድ አርቲክል እንዴት እንደሚሠራ እናስብ። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ከዚያ ወደ አማርኛ ይመለሳል። ከዚያ ቡሌ ወይም ጌደብ ወረዳ፣ አንድ እናት ደጃፍ ላይ፣ የአካባቢው ልጅ የሆነ ዳታ ሰብሳቢ በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ፣ ይጠይቃታል። «ስንት እንሰት አለሽ?» እንሰት እንደ ዕድሜውና እንደ ዝርያው የተለያየ ስም አለው። ችግኝ አለ፣ ተነቅሎ ሌላ ቦታ የተተከለ አለ፣ ለመፋቅ የደረሰ አለ። የትኛውን ትቁጠር? የአባወራውን ነው ወይስ ለብቻዋ የያዘችውን? ይህን የሚወስነው ፕሮፌሰሩ አይደለም። የሚወስነው ያ ልጅ ነው፣ እዚያው ደጃፍ ላይ፣ በአንድ ትንፋሽ። እርሱ ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ ያለው የስታቲስቲክስ ስሌት ሁሉ የተሳሳተውን ነገር በትክክል ያሰላል። አርቲክሉ ሲወጣ ግን ልጁ «ለዳታ ሰብሳቢዎች ምስጋናችን ይድረስ» በምትል ሐረግ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል።

እኔም በወጣትነቴ እንዲህ መጠይቅ ይዤ ቀበሌ ለቀበሌ ዞሬያለሁ። ለየትኛው ተቋም እንደነበረ አላነሳም። አበሌ በወቅቱ ተከፍሎኛል፣ ቅሬታዬ የገንዘብ አይደለም። መጠይቁ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ለሰዎቹ ትርጉም እንደማይሰጡ ገብቶኝ ነበር፤ በደብተሬም ጽፌ ነበር። የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም፤ ደብተሬም ቀርቶ ቀረ። ኋላ የወጣው ጽሑፍ በእነዚያው ሁለት ጥያቄዎች ላይ ተመሥርቶ ድምዳሜ ሰጥቷል። ከሥራው ድርሻ የሌለው ሰው ስህተት ሲያይ ዝም ይላል፤ እኔም ዝም አልኩ፣ እስካሁንም ይቆጨኛል።

ዳታ ሰብሳቢው አንዱ ብቻ ነው። ወደ ደጋው የሚወስደው መንገድ ከስንት ሰዓት በኋላ ጭቃ እንደሚይዘው የሚያውቀው ሾፌር አለ። በየትኛው ጓሮ የትኛው የእንሰት ዝርያ እንደቀረ የሚያውቀው የቀበሌው የልማት ሠራተኛ አለ። ማታ መብራት ሲጠፋ ናሙናው እንዳይበላሽ ተነሥቶ ጄኔሬተር የሚያስነሣው የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን አለ። እንሰቱን የምትፍቀውና ስለ ቆጮው ማብላላት የምትናገረው እናት አለች። ተመራማሪው «ናሙና ተወሰደ» ብሎ በሁለት ቃል ያለፈው የእርሷ የአንድ ሳምንት ጉልበት ነው።

ይህ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን አዩ፤ ከታች በወንዙ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ፤ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ የሚገድል ተክል ለዓለም አስተዋወቁ። ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ፤ የሚገባቸው ነበር። ሴቶቹ ግን በታሪኩ ውስጥ ስም የላቸውም። ልብሱን የሚያጸዳው የትኛው ፍሬ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚለቀም፣ እንዴት እንደሚወቀጥ ያወቁት እነርሱ ነበሩ።

አንድ የትምህርት ዘርፍ ግን ከዚህ የተሻለ ልማድ አለው። በአፋር በሚሮ ዶራ በ2016 እ.ኤ.አ. የተገኘው የ3.8 ሚሊዮን ዓመቱ የራስ ቅል በ2019 ይፋ ሲሆን፣ ከተመራማሪው ከዮሐንስ ኃይለሥላሴ ስም ጋር የአሊ በሪኖ ስምም ለዓለም ተነግሯል። አሊ የአካባቢው ሰው ነው፤ የመጀመሪያውን የመንጋጋ አጥንት ያየው እርሱ ነው። በቅሪተ አካል ሥራ ያገኘውን ሰው ስም በመዝገብ ማስፈር የተለመደ ነው። ታዲያ ለአጥንት የሚቻለው ለእንሰት የማይቻለው ለምንድን ነው?

የጌዴኦ ትክል ድንጋዮችም የዚሁ ጉዳይ ምስክሮች ናቸው። አሸናፊ ዜናና የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሳካሮ ሶዶ ድንጋዮች ወደ መጀመሪያው ክፍለ ዘመን እንደሚወርዱ አሳዩ፤ ቀድሞ ከታሰበው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማሉ። ይህ ታላቅ አርቲክል ነው፤ እኔ የአርቲክል ጠላት አይደለሁም። ነገር ግን ያ ድንጋይ ሁለት ሺህ ዓመት ቆሞ የተገኘው የሚጠብቀው ሰው ስለነበረ ነው። ማሳቸው ውስጥ ሲያጋጥማቸው ሳያፈርሱት በዙሪያው ያረሱ ገበሬዎች፣ ሥፍራውን ያስከበሩ ሐይቻ የሚባሉ ሽማግሌዎች ባይኖሩ ካርቦኑ የሚለካበት ነገር አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ ተቃራኒው ወገን ልምጣ፤ ደካማውን ሳይሆን ብርቱውን ክርክራቸውን ልውሰድ። እንዲህ ይላሉ፦ «ከአርቲክል ቁጥር ከወጣን ዝምድና ይገባል። ሩቅ አገር ያለ ገምጋሚ የማን ወንድም እንደሆንክ፣ ከየትኛው ወገን እንደተወለድክ፣ ከየትኛው ኃላፊ ጋር ቡና እንደምትጠጣ አያውቅም። ቁጥር ጨካኝ ቢሆንም አያዳላም።» ይህን ፍርሃት አልንቀውም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሹመት በትውውቅ ሲሰጥባቸው አይተናል፤ ከሩቅ ቤተሰብ የመጣች፣ ደጋፊ የሌላት መምህርት በአርቲክሏ ቁጥር ብቻ ያሸነፈችበትን ጊዜም አውቃለሁ። እርሷን የሚጎዳ ሐሳብ ይዤ አልመጣሁም።

ግን ቁጥሩ በእርግጥ አያዳላም? ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ የሚያትሙ ሐሰተኛ ጆርናሎች ገበያ ያገኙት ከቁጥር አምላኪነት ነው። «ስሜን አስገባልኝ፣ ስምህን አስገባልሃለሁ» የሚለው ስምምነት የተወለደውም ከዚያ ነው። አለቃ ያላነበበው ጽሑፍ ላይ ስሙ የሚገባው ለምንድን ነው? ዝምድና ከሹመት ጠረጴዛው ወደ አርቲክሉ ራስጌ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መቁጠር ማንበብን ማስቀረቱ ነው። አምስት አርቲክል ሲቀርብለት አንዱንም ሳያነብ ድምፅ የሚሰጥ ኮሚቴ አያዳላም ማለት አይቻልም፤ ምንም አያውቅም ማለት ነው። የዝምድና መድኃኒቱ ሥራውን በግልጽ ማንበብ፣ ከውጭ አንባቢ መጥራትና ውሳኔውን በምክንያት ጽፎ መፈረም ነው።

ይህ ልኬትም ከሰማይ የወረደ አይደለም። ስኮፐስ ኤልሰቪየር የተባለው የህትመት ኩባንያ በ2004 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው የንግድ ሥራ ነው። ኢምፓክት ፋክተር የተባለው የጆርናል መለኪያም ዩጂን ጋርፊልድ ጆርናል ለመምረጥ የሠራው መሣሪያ ነው፤ አንድ ሰው ተባባሪ ፕሮፌሰር ይሁን አይሁን ለመወሰን አልሠራውም። በአማርኛ የተጻፈ ምርምር ወደነዚህ መዝገቦች ለመግባት በሩ እጅግ ጠባብ ነው፤ በጌዴኡፋ የተጻፈው ደግሞ በሩንም አያገኘውም። ከጌዴኦ ሕዝብ የተገኘውን እውቀት የጌዴኦ ሕዝብ በማያነበው ቋንቋ የጻፈ ሰው ይሸለማል፤ በሚያነበው ቋንቋ የመለሰለት ሰው ጊዜውን እንዳባከነ ይቆጠራል።

ዓለም ደግሞ ከዚህ መንገድ እየተመለሰ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተረቅቆ በቀጣዩ ዓመት የወጣው መግለጫ ሰውን በጆርናል ማዕረግ መመዘን ይቁም አለ። ብሪታንያ ውስጥ በ2021 በተካሄደው ብሔራዊ የምርምር ግምገማ ከ185 ሺህ በላይ ሥራዎች ቀርበው ከሞላ ጎደል ሁሉም አርቲክል፣ መጽሐፍና መሰል ጽሑፎች ሆነው ተገኙ፤ ደንቡ ግን ሶፍትዌሩንም፣ ዳታውንም፣ ኤግዚቢሽኑንም ይቀበል ነበር። በሩ ክፍት ሆኖ የገባበት ጥቂት ነው፤ ልማድ ከደንብ ይበረታልና። ራሳቸውን «ስውሩ ግምገማ» ብለው የተነሡት ሰዎች ለቴክኒሻኖች፣ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና ለዳታ ጠባቂዎች የራሳቸውን ውድድር አዘጋጁ፤ ኋላም ዩኒቨርሲቲዎች ቢያንስ 5 በመቶውን ከአርቲክልና ከመጽሐፍ ውጭ ካለው ሥራ እንዲያቀርቡ ጠየቁ። እኛ ዘንድም ቅጹን ብቻ ማሻሻል አይበቃም የምለው ለዚህ ነው፤ ኮሚቴው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ራሱ ሌላውን ሥራ ማክበር መልመድ አለበት።

«ድሃ አገር ነን፤ በዓለም የሚያሳየን አርቲክል ነው» የሚሉም አሉ። ጌዴኦን ለዓለም ያሳየው ምን እንደነበረ ከላይ ተናግሬያለሁ። ሌላም ልጨምር። በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ ጀምሮ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። በዚያ ሰዓት ዞኑ የሚያስፈልገው ከሁለት ዓመት በኋላ የሚወጣ አርቲክል አልነበረም። በየትኛው መጠለያ ስንት ሕፃን ምግብ እንዳጣ፣ ውሃው ይጠጣ አይጠጣ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያውቅ ሰው ነበር የሚያስፈልገው። ለእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ወር ሙሉ መጠለያ ውስጥ ቆይቶ አራት ገጽ ሪፖርት ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የሚሰጥ መምህር ምርምር ሠርቷል። ያንኑ መከራ ከርቀት ለአርቲክል የተጠቀመበት ብቻ ተመራማሪ ከተባለ፣ ለሚቀጥለው መከራ ማን ይመጣል?

ዲላ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ጉዳይ ቀዳሚ መሆን የሚችል ይመስለኛል። በ1996 እ.ኤ.አ. የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ተቋም ነው። መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በተልእኮ ሲለይ የምርምር ብሎ ከሰየማቸው ስምንቱ ውስጥ ዲላ የለም። እንግዲያው የስምንቱን መለኪያ ተውሶ በእነርሱ ጨዋታ ሁልጊዜ ኋላ ለምን ይሰለፋል? የራሱ የእጽዋትና የኢኮቱሪዝም ማዕከል አለው። እንዲህ ያለ ስፍራ የቆመ የምርምር ውጤት ነው። ተክሉን የሰበሰበው፣ ስሙን የጠየቀው፣ ችግኙን ያሳደገው አትክልተኛ፣ ከጓሮው ነቅሎ የሰጠው ገበሬ ሁሉ በአንድ መዝገብ ሊሰፍሩ ይገባል።

ሩቅ ሳንሄድ ጎረቤት አለ። በግብርና ምርምር ተቋማት አዲስ ዝርያ ማውጣት ራሱን የቻለ ውጤት ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ ሲገባ እየተመረጡ የወጡት 74110ና 74112ን የመሰሉ ዝርያዎች የአርቲክል ቁጥር ሳይጠየቁ አገር አዳኑ፤ ጌዴኦ ውስጥም ተተክለዋል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም እንሰት መፋቂያና ማብላሊያ ቴክኖሎጂ ሠርቷል፤ የሴቶችን ወገብ የሚያሳርፍ ሥራ ነው። በእነዚህ ሥራዎች ላይ ዋጋ መስጠት ከቻልን፣ መዝገበ ቃላት፣ የዳታ ስብስብ፣ ካርታ፣ በጌዴኡፋ የተዘጋጀ የጤና ትምህርት፣ የቅርስ ሰነድ ምን ይጎድላቸዋል?

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ለእድገት የሚያመለክት መምህር ከሕይወት ዘመኑ አምስት ሥራ ይምረጥ፣ የፈለገው ዓይነት ይሁን፤ አርቲክልም ይሁን ሰነድ ወይም መሣሪያ። ለእያንዳንዱ ምን እንዳደረገና ማን እንደተጠቀመበት በአንድ ገጽ ይጻፍ። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ፣ ሌላው ሥራው ከደረሰበት ቦታ፣ አንብበው ይፈርሙበት። እያንዳንዱ የምርምር ፕሮጀክት ሲዘጋ የሥራ ድርሻ ገጽ ይኑረው፤ የተረጎመው፣ ናሙና የወሰደው፣ ቦታውን ያሳየው፣ ዳታውን ያጸዳው በስሙ ይስፈር፣ መስፈር የማይፈልግም መብቱ ይጠበቅ። ቴክኒሻኑ ደግሞ ያንን ገጽ ይዞ ለራሱ እድገት ማመልከት ይቻለው። ቴክኒሻን ሲለቅ የሚቀረው ውድ ማሽን ላይ የተኛ አቧራ ነው፤ ሠራተኛውን ለመያዝ ደመወዝ ማንሣት በእጃችን ባይሆን እንኳ ስሙን መጻፍ በእጃችን ነው።

አንድ ሰው «ይህ ሁሉ ገጽ ማን ያነበዋል?» ይለኛል። እርግጥ ነው፣ ከመቁጠር ይከብዳል። ግን ደረጃ ለማግኘት ዓመታት የደከመን ሰው ሥራ ለማንበብ ሁለት ቀን የሌለው ኮሚቴ ለምን ተሰበሰበ?

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። የድንጋዮቹን ሥፍራ ያስከበሩት፣ ሶንጎ ላይ ተቀምጠው «ይህ ይነገር፣ ይህ አይነገር» ያሉት ሐይቻዎች አርጅተዋል። ማን ምን እንዳሳየ፣ የትኛውን ስም ማን እንደነገረ ዛሬ ቢጠየቅ የሚያስታውስ ተርጓሚ አለ፤ ደብተሩን ያልጣለ ዳታ ሰብሳቢም ይኖራል። ዩኒቨርሲቲው ሁለት ሰው መድቦ፣ መቅረጫና ደብተር አስይዞ፣ ከጨልባ ቱቲቲ እስከ ቱቱ ፈላ ልኮ ያንን የስም ዝርዝር ያሟላ። ዝርዝሩም በቅርሱ ሰነድ አጠገብ፣ በዲላ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።